ጊታሩን ከመገልበጣችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ግራኝ ወጣት የአያቱን አሮጌ ጊታር ይዞልኝ መጣና «ክሮቹ ቦታ ተለዋውጠው ለግራ እጅ ቢገለበጥ ምን ይጎዳዋል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከ30 ዓመት በፊት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በገዛ እጄ ያጠፋሁትን ጥፋት ስለቀሰቀሰብኝ ይህን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ያኔ አንዲት ግራኝ ልጅ የሟች አባቷን ጊታር፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተሠራ ማርቲን ዲ-18፣ አመጣችልኝ። ጎኑና ጀርባው ማሆጋኒ፣ ፊቱ ስፕሩስ የተባለ እንጨት ነበር፤ ከድምፅ ቀዳዳው አጠገብ እንጨቱን ከጭረት የሚከላከለው ቡናማ ፕላስቲክ በአባቷ እጅ ተፋፍቆ አልቋል። ልጅቷ የፈለገችው መጫወት ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ጊታሩ ከመጀመሪያውም ለግራኝ የተሠራ እንዲመስል ለማድረግ ቆርጬ ተነሣሁ።

በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበትን አጥንት ቀየርሁ፤ የወፍራሙ ክር ቦይ ለቀጭኑ ስለሚሰፋ ይህ ግድ ነው። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ከጊታሩ ፊት ጋር የሚያያዙበት እንጨት፣ ላይ ሳድሉ (ክሮቹን የሚሸከመው ስስ ድጋፍ) የሚቀመጥበት ቦይም በሰያፍ የተቆረጠ ነው፤ ክር ሲጫኑት ተወጥሮ ድምፁ ከፍ ስለሚል፣ ይህን ለማካካስ ወፍራሞቹ ክሮች ረዘም እንዲሉ ይደረጋል። ክሮቹ ቦታ ሲለዋወጡ ሰያፉ ስለሚገለበጥ፣ እጅ በአንገቱ ላይ ወደ ቀዳዳው በቀረበ ቁጥር ቅኝቱ ይዛባል። ስለዚህ ቦዩን በሮዝዉድ እንጨት ደፍኜ በተቃራኒው ሰያፍ ቆረጥሁት። እስከዚህ ድረስ ጥፋት አልነበረብኝም።

ከዚያ ፕላስቲኩን አሙቄ አላቀቅሁት። በዚያ ዘመን የሚለጠፈው ቫርኒሽ ባልነካው እንጨት ላይ ነበርና የስፕሩሱን ቃጫ ይዞ ተነሣ፤ ሥሩም ለ40 ዓመት ያህል ብርሃን ስላላየ፣ ወርቃማ በሆነው ፊት ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ነጩን አስመስዬ ቀባሁት፣ በሌላው ወገን አዲስ ለጠፍሁ፣ አሮጌውን ጣልሁት። ልጅቷ ስትረከብ ስለ ድምፁ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ጣቷን በተቀባው ቦታ ላይ እያንሸራተተች «የአባቴ ጭረቶችስ?» አለችኝ። ቆሻሻው ከተወሰደ አራት ቀን ሆኖት ነበር።

እናንተ የዛሬ ልጆች አንድ ቪዲዮ አይታችሁ ሞረድ ለማንሣት ትቸኩላላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ግራኟ አሜሪካዊት ጊታር ተጫዋች ኤልዛቤት ኮተን የቀኝ ጊታር ምንም ሳታስለውጥ ገልብጣ ይዛ ባሱን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። የማይመለስ ነገር አትሥሩ የምላችሁ ለዚህ ነው፤ ይሁንና ቅኝቱ የተዛባ ጊታር ከግድግዳ ስለማይወርድ፣ የሳድሉን ቦይ ዛሬም ቢሆን ደፍኜ እቆርጠዋለሁ። ፊቱን ከውስጥ የሚደግፉትን ማገሮች ለማዞር ፊቱን መክፈትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

የወጣቱን ጊታር ትናንት ጀምሬዋለሁ። ፕላስቲኩን ከነጭረቱ ትቼ፣ በሌላው ወገን ስስና ብርሃን አሳላፊ ልጥፍ አደርግለታለሁ፤ የነቀልሁትን አጥንትም በፖስታ አሽጌ ከጊታሩ ሳጥን ውስጥ አኑሬለታለሁ።