ክላሱ ገብቶኛል፣ ሊንክድ ሊስቱ ግን እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ በጃቫ ወስጄ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። አሁን ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም ጀምረናል፤ እሱም በክላስ (ዳታንና በዳታው ላይ የሚሠራውን ኮድ አንድ ላይ በሚያቅፈው የጃቫ አደረጃጀት) ነው የሚሰጠው። መምህሩ ሊንክድ ሊስትን፣ ማለትም በሰንሰለት የተያያዘ ዝርዝርን፣ ሰሌዳ ላይ ሲሠራው ይገባኛል፣ ብቻዬን ስቀመጥ ግን እጄ ይያዛል። ጓደኞቼ ኮዱን ሸምድጂው ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ በሲ ቋንቋ ካልተማርሽው አይገባሽም ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መሸምደዱን ተይው። ፈተናው ላይ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር የሸመደድሽው አያወጣሽም። ሲ መማርም ጥሩ ነው፣ ግን ለዚህ ችግር መድኃኒት አይሆንሽም። እዚያ ፖይንተር የሚሉት፣ ዳታ ያለበትን ቦታ የሚያመለክተው ቀስት፣ እዚህ ጃቫ ውስጥ ሪፈረንስ ሆኖ አለልሽ። ያስቸገረሽ ቋንቋው ሳይሆን ቀስቱ ይመስለኛል።

እስቲ ወረቀት አምጪና ሦስት ሳጥን ሳዪ። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ኖድ ነው፤ ውስጡ ቁጥር አለ፣ ኔክስት የሚባል ቀስትም አለ። 5 ወደ 8፣ 8 ወደ 12 ያመለክታል፣ የ12 ቀስት ናል ነው፣ ወደ የትም አያመለክትም። የዝርዝሩን መጀመሪያ የሚያመለክተው ሄድ 5 ላይ ነው። አሁን 3ን ከፊት አስገቢ። መጀመሪያ የ3ን ኔክስት ሄድ ወዳለበት አዙሪ፣ ከዚያ ሄድን ወደ 3 አምጪ። ሁለት መስመር ብቻ። ብታገላብጪውስ? ሄድ ቀድሞ 3 ላይ ከሄደ፣ የ3ን ኔክስት ወደ ሄድ ስታዞሪ 3 ራሱን ያመለክታል፤ 5ን የሚያውቀው አይኖርም፣ ከነተከታዮቹ ይጠፋል፣ ዝርዝሩን ላትም ስትይ ደግሞ 3፣ 3፣ 3 እያለ አያቆምም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህን ስህተት ኮዱን ደጋግሜ ባነበውም አላየሁትም፤ በእርሳስ ስስለው ነው የታየኝ።

ታዲያ የክላሱ ሥራ ምንድን ነው? መጠበቅ። ሄድን ፕራይቬት ስታደርጊው ከውጭ ያለ ኮድ ቀስቱን መበጠስ አይችልም፣ ማስገባትም ማውጣትም በሜተዶቹ (በክላሱ ውስጥ በተጻፉት ተግባራት) በኩል ብቻ ይሆናል። ስታክን (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበትን ክምር) በአሬይም (ጎን ለጎን በተደረደሩ ባለቁጥር ቦታዎች) በሊንክድ ሊስትም ሥሪውና አንዱን በሌላው ተኪ። ፑሽ (አስገባ) እና ፖፕ (አውጣ) እያለ የሚጠቀምበት ኮድ ሳይነካ ከሠራ፣ ባለፈው ሴሚስተር የተማርሽው ለዚህ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፣ ለእኔ የኮርሱ ልብ ይህ ነው። ክላስ አሠራሩን ሲደብቅ ዋጋውንም (የሚፈጀውን ጊዜ) ይደብቃል። በጃቫ በአሬይ የተሠራው አሬይ ሊስትም ሊንክድ ሊስትም በተራ ቁጥሩ አንድን ነገር የሚያመጣ ጌት የሚባል ሜተድ አላቸው፤ ስሙ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ለየቅል። አሬዩ ቦታው ላይ በአንዴ ይደርሳል፣ ሊንክድ ሊስቱ ግን ከዳር ጀምሮ ቀስት እየተከተለ ይሄዳል። በቅደም ተከተል የተደረደረ 1,000,000 ቁጥር ያለው አሬይ ላይ ባይነሪ ሰርች (መሃሉን እያየ ግማሹን እየጣለ የሚፈልግ ዘዴ) ቢበዛ 20 ጊዜ አወዳድሮ ይጨርሳል። ሊንክድ ሊስት ላይ ይህን ጥቅም አታገኚም፣ መሃሉ ላይ ለመድረስ ብቻ ግማሽ መንገድ መሄድ አለብሽና።

ዛሬ ኮምፒውተሩን ሳትከፍቺ 8ን ከመሃል ማውጣትን ሳዪ። ከዚያ የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውን፣ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን የሚፈጠረውንም። አራቱም ከገቡሽ ኮዱን ጻፊ። ከተያዝሽ ሥዕሉን ከኮዱ ጋር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።