በኦካምል የተጻፈ ኳድትሪ ሚሞሪ ይጨርሳል ወይ?

ወንድሜ፣ «ኦካምል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሠራሁት ኳድትሪ (የካርታ ቦታን አራት አራት እየከፈለ ነጥቦችን የሚይዝ ዛፍ) አንዴ ከተሠራ አይለወጥም፤ ታዲያ አንድ ነጥብ በጨመርኩ ቁጥር ዛፉ በሙሉ ኮፒ ሊደረግ ነው? ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ልሂድ?» ብለሃል። ባለህበት ቆይ። እኔም የሰሜን ሸዋን የውሃ ተቋማት መረጃ ስሠራ በዚሁ ስጋት አንድ ሳምንት አባክኛለሁ።

ኮፒ የሚደረገው ከሥሩ (ከዛፉ መነሻ) እስከ አዲሱ ነጥብ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ኳድትሪ በየደረጃው አራት ቦታ ስለሚከፈል ስምንት ደረጃ ሲወርድ 65,536 ቅጠል (የመጨረሻ ክፋይ) ይደርሳል። ከነዚህ አንዱን ስትቀይር አዲስ የሚሠሩት ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ያሉት 9 ኖዶች (የዛፉ ክፍሎች) ናቸው። የቀረውን አሮጌውና አዲሱ ዛፍ ይጋሩታል። ትርፍም አለው፤ የትናንቱ ዛፍ እንዳለ ስለሚቀመጥ መዝጋቢ ሲሳሳት ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ነው።

እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ነገር ነው። መንዝ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የአንድ የእጅ ፓምፕ ፎርም ሁለት ጊዜ ተልኳል። ኮዴ ደግሞ በአንድ ቅጠል ከአንድ ነጥብ በላይ አይቀበልም። ሁለቱን ለመለየት ቦታውን አራት ይከፍላል። አሁንም አንድ ላይ ናቸው። እንደገና ይከፍላል። እንደገና... ስታክ ኦቨርፍሎው! ፋንክሽኑ ማብቂያ ሳይኖረው ራሱን ሲጠራ ሚሞሪው ሞልቶ ፕሮግራሙ ወደቀ። ሌሊቱን ሙሉ ምስኪኑን ኮምፓይለር ስረግም አደርኩ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ቅጠሉ ዝርዝር ይያዝ፣ ጥልቀቱም ገደብ ይኑረው።

ነጥቦቹ በዲግሪ (በኬክሮስና በኬንትሮስ) ከሆኑ መጀመሪያ ወደ ሜትር ቀይራቸው። አካባቢያችን በዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ላይ ነው። ከአሮጌ ካርታ የወሰድከው ነጥብ ካለ በአዲንዳን (በአሮጌው የካርታ መነሻ ልኬት) መሆኑን አጣራ፤ ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ከደብልዩ ጂ ኤስ 84 ጋር ዝም ብለህ ከቀላቀልከው ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሽብሃል።

ኮዱ ፋንክሽናል መሆኑ (አንዱን ፋንክሽን ለሌላው እንደ ዕቃ ማቀበል መቻሉ) በደንብ የካሰኝ አንኮበር ላይ ነው። ለአንድ መንደር ቅርቡን ውሃ ፈልግ ስለው ወደ አልዩ አምባ በኩል፣ ከገደሉ ሥር ያለውን መረጠልኝ። አንድ አባት ስልኬን አዩና «ልጄ፣ አሞራ መሰልኩህ እንዴ?» አሉኝ። አፍሬ ተመለስኩ። ግን ዛፉን አልነካሁም። የፍለጋው ፋንክሽን ርቀት የሚያሰላውን ፋንክሽን ከውጭ ስለሚቀበል ቀጥታውን መስመር አውጥቼ የእግር መንገዱን ርዝመት የሚያሰላውን ሰጠሁት፤ አለቀ።

ፍለጋው እስካሁን ካገኘው ውሃ የሚርቁ ቅርንጫፎችን ሳያይ ይዘላል፤ የትኛው ይዘለል የሚለውን ፍተሻ ግን በቀጥታ መስመር ተወው። የእግር መንገድ ከቀጥታ መስመር ስለማያጥር በስህተት የምትዘለው ነጥብ አይኖርም።

በየሰከንዱ ቦታ የሚቀያይሩ ሚሊዮን ነጥቦች ካሉህ ያኔ ስለ ሲ ፕላስ ፕላስ እናወራለን። ለውሃ ጉድጓድ ግን ምን አስቸኮለህ? ጉድጓድ አይሄድ! ነጥብ የምትጨምርበትን ፋንክሽን ብቻ ለጥፈውና እንየው።