22 ደብተር፣ አንድ መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቢቸና አካባቢ 10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ፎቶሲንተሲስ የቤት ሥራ ሰጥቼ 22 ተማሪዎች ቃል በቃል አንድ መልስ ይዘው መጡ። አንዱ ልጅ ከቻትጂፒቲ አውጥቶ በቴሌግራም በትኖላቸዋል። ርእሰ መምህራችን ደግሞ «ቴክኖሎጂ ተጠቀሙ» ይለናል። ልከልክል ወይስ ልፍቀድ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያየሁትን ልንገርሽ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ለእኔ የምትቀረኝ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ምስሉ ጥሩ ነበር፤ አልክድም። በጠመኔ ልስለው የማልችለውን ሞገድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ግን አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ብሎ ራሱ ይመልሳል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ፎርሙላውን ግማሽ እንደጻፈች ስክሪኑ ተቀየረ። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። ላቆመው አልችልም፤ ስርጭት ነው። ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር «እዚህ ላይ የሚያስበው ማን ነው?» እላለሁ። በጎጃሞቹ የቅኔ ቤቶች በዲማና በዋሸራ ተማሪ ብቻውን ዞር ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ግጥሙን በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። አጭሯ ቅኔ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ያቺን ሁለት ቤት ግን ራሱ ያመጣታል።

ስለዚህ የቤት ሥራ ጥያቄሽን ቀይሪው። የአንድ ቅጠል ግማሹን በካርቶን ይሸፍኑ። ከሳምንት በኋላ ያዩትን ጽፈው ይምጡና በቃላቸው ይንገሩሽ። ስልክ የሌለውም ይሠራዋል። ክፍልሽ ውስጥ ስልክ የሌለው ስንት እንደሆነ ደግሞ ቁጠሪ፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ቻትጂፒቲውንም ክፍል አምጪው፤ አስቀድመሽ ግን ማታ ራስሽ ሞክሪው። ስለ ጤፍ ይጠየቅ። በእናንተ አፈር ስንቴ ይታረሳል? መቼ ይዘራል? መቼ ይታረማል? ልጆችሽ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ከሳተ እነሱ ይይዙታል። ያኔ ስለ ባዮሎጂ የሚነግራቸውንም ዝም ብለው አይቀበሉም።

መልሱን የበተነውን ልጅ አትቅጪው። ሰሌዳው ጋ አውጪውና ያመጣውን በራሱ አማርኛ ያስረዳ። ርእሰ መምህሩ ጋ ስትሄጂም ደብተሮቹን ይዘሽ ሂጂ። 22ቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘርጊለትና ራሱ ያንብባቸው።