ከደብረ ብርሃን ወደ ባልካን፦ መጀመሪያ የትኛው አገር?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ደብረ ብርሃን አንድ የሹራብ ማምረቻ ውስጥ የማሽን ቴክኒሻን ነኝ። አሠሪዬ ያገለገሉ የሹራብ ማሽኖች ሊገዛ አስቦ እኔን አይተህ ና ብሎኛል። ሻጮቹ ሶፊያና ስሊቨን (ቡልጋሪያ)፣ ሽቲፕ (ሰሜን መቄዶንያ)፣ ቤልግሬድና ኖቪ ፓዛር (ሰርቢያ)፣ ሳራዬቮ (ቦስኒያ) ውስጥ ናቸው። ለመለዋወጫ ደግሞ ኢስታንቡል አለ። እሱ "ኢስታንቡል ጨርስ፣ በሶፊያ ጀምር፣ ዞረህ በዛግሬብ ተመለስ" ነው የሚለኝ። ካርታው ላይ ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ነው። እኔ ግን ከአገር ወጥቼ አላውቅም። እርስዎ ይህን መንገድ ያውቁታል ሲባል ሰምቼ ነው የጻፍኩት።
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ማሽን ሳፈላልግ ያንን አካባቢ ብዙ ተመላልሼበታለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

የአሠሪህ ዕቅድ ካርታው ላይ ያምራል። ድንበር ላይ ግን ያስቀርሃል። ቡልጋሪያና ክሮኤሺያ ሸንገን ውስጥ ናቸው፤ ሸንገን ማለት በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ ነው። ክሮኤሺያ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ነው። ቡልጋሪያ በአየር በማርች 2024፣ በየብስ በጃንዋሪ 2025 ገባች። ሰርቢያ፣ ቦስኒያና ሰሜን መቄዶንያ ውጪ ናቸው። እንግዲህ ሶፊያ ገብተህ ወደ ሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ ወደ ስኮፕዬ ስትሻገር ከሸንገን ወጣህ ማለት ነው። የክሮኤሺያዋ ዛግሬብ ለመግባት ሁለተኛ መግቢያ ያስፈልግሃል።

እሱ ደግሞ ለእኛ ከባድ ሆኗል። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቪዛ ላይ ጠበቅ ያለ ውሳኔ አሳልፏል። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ምላሹም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ተወስኗል። ስለዚህ "አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምገባው" ብለህ አቅድ። ከሸንገን ውጪ ካሉት አንዳንዶቹ የሸንገን ቪዛ ያለውን ሰው ያለ ሌላ ቪዛ ያስገባሉ ሲባል ትሰማለህ። እውነት ነው፤ ግን ብዙዎቹ የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ነው።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በዓይኔ ስላየሁ ነው። አንድ ሌሊት ከስኮፕዬ ወደ ሶፊያ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ፖሊሱ ፓስፖርት ሰብስቦ ሄደ። ሲመለስ የሁላችንንም ሰጠ፣ የአንድ ሰው ቀረ። ቪዛው አንድ መግቢያ ነበር። ከሳምንት በፊት ተጠቅሞበታል። ሰውየው የሆቴል ደረሰኙን፣ የግብዣ ደብዳቤውን፣ የመመለሻ ትኬቱን አንድ በአንድ አወጣ። ማንም አላየለትም። ሻንጣውን አውርደው አስፋልቱ ዳር አቆሙለት፣ አውቶቡሱም ሄደ። በረዶ ይጥል ነበር።

ስለዚህ መንገዱን ገልብጠው። ከአዲስ አበባ በኢስታንቡል ትራንዚት አድርገህ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጣ፣ በቀጥታ ወደ ሳራዬቮ ብረር። ከሳራዬቮ በአውቶቡስ ወደ ኖቪ ፓዛር ውረድ። ከዚያ ቤልግሬድ። ከቤልግሬድ በኒሽ በኩል ስኮፕዬ፣ ሽቲፕንም ከስኮፕዬ ተመላለስባት። ቀጥሎ ሶፊያ፣ ከሶፊያ ስሊቨን። ከስሊቨን ወደ ቱርክ ድንበር ሩቅ አይደለም፤ በየብስ ኢስታንቡል ገብተህ መለዋወጫህን አይተህ ከዚያው ወደ አገርህ ብረር። በዚህ መንገድ እያንዳንዱን አገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትረግጠው። ዛግሬብን ተወው፣ እዚያ ሻጭ የለህም።

ከኖቪ ፓዛር በቀጥታ ወደ ስኮፕዬ የሚሄድ አውቶቡስ ብታገኝ አትሳፈር። አጭሩ መንገድ የሚያልፈው በኮሶቮ ነው። ኮሶቮ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ሰርቢያ ደግሞ ኮሶቮን እንደ ራሷ ግዛት ስለምትቆጥር፣ በሌላ አገር በኩል ኮሶቮ ገብቶ ወደ ሰርቢያ የሚሻገረውን ሰው ልትመልሰው ትችላለች። ከሳራዬቮ ስትነሣም መስመሩ ሌላ አገር እንደማያቋርጥ ትኬት ቢሮው ውስጥ ጠይቅ። ያ መንገድ ተራራ ለተራራ ነው፤ የጣርማ በርን ጠመዝማዛ የለመደ ሰው ግን አይቸገርም።

ቪዛ እንግዲህ የአምስት አገር ነው። የሰርቢያ፣ የቡልጋሪያና የቱርክ ኤምባሲዎች አዲስ አበባ አሉ። የቦስኒያንና የሰሜን መቄዶንያን ማመልከቻ የት እንደምታስገባ አስቀድመህ በኢሜይል ጠይቅና ከእነሱ ጀምር። ከየሻጩ የግብዣ ደብዳቤ አስልክ፤ የፓስፖርት ቁጥርህና የምትቆይበት ቀን ይኑርበት። የአሠሪህ ደብዳቤ ላይ ያለው ቀን አደራ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። "2017" ተብሎ የተጻፈ የቅጥር ደብዳቤ እዚያ ሲታይ የስንት ዓመት አሮጌ ወረቀት ይመስላል። አንዱ አገር ቪዛ ቢከለክልህ አትጨነቅ፤ ያንን ሻጭ ከዕቅድህ አውጥተህ ቀሪውን ቀጥል።

ማረፊያህን በሰው ቤት ካደረግክ፣ ሰርቢያ ውስጥ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ራሱ ያስመዘግብልሃል። የግል ቤት ከሆነ ግን ባለቤቱን "አስመዝግበኸኛል?" በለው፣ ወረቀቱንም ተቀበል።

ገንዘብ ላይ ብዙ አልልም። ሰርቢያ ዲናር፣ ሰሜን መቄዶንያ ዴናር፣ ቦስኒያ ማርክ ነው። የቦስኒያው ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፣ 1 ዩሮ 1.95583 ማርክ። ቡልጋሪያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዩሮ ገብታለች። የትም ብትሆን የዚያን አገር ሳንቲም ኪስህ ውስጥ አኑር። የአውቶቡስ ረዳት ለሻንጣ በጥሬው ይቀበላል፤ አንዳንድ መናኸሪያ ደግሞ ወደ አውቶቡሱ ለማለፍ ራሱን የቻለ ትኬት አለው። ትኬቱ ላይ 15፡30 ካለ በእኛ ከቀኑ 9 ተኩል ነው። ከስኮፕዬ ሶፊያ ስትሻገር ሰዓትህን አንድ ወደፊት አድርግ፤ የጠዋት ቀጠሮ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ሥራህ። እነዚህ ከተሞች የልብስ ከተሞች ናቸው። ስሊቨን በቡልጋሪያ የመጀመሪያው የጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመባት ናት፣ በ1830ዎቹ። ሽቲፕ ብዙ ሰው ልብስ ስፌት ላይ የሚሠራባት ከተማ ናት። ኖቪ ፓዛር ደግሞ በ1990ዎቹ፣ ሰርቢያ ማዕቀብ ላይ በነበረችበት ጊዜ፣ ጂንስ እየሰፋች ነው የኖረችው። እኔ ከሁሉም ኖቪ ፓዛርን እወዳለሁ። ወርክሾፑ ብዙ ጊዜ የመኖሪያ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ከላይ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ከታች ማሽን ይጮኻል። ባለቤቱ መጀመሪያ ቡና ያቀርባል። የጤና ነው፣ የልጅ ነው፣ የመንገድ ነው፣ ሁሉም ይጠየቃል። ሲኒው ሳያልቅ ዋጋ አታንሣ። አንተ ሸዌ ነህ፣ ይህን ማንም አይነግርህም። በጠዋት በትንሽ ብርጭቆ ራኪያ ቢሰጡህ የእኛው አረቄ ነውና ዐቅምህን እወቅ። ማሽን የምታይበት ቀን ከሆነ ከንፈርህን አስነክተህ አስቀምጠው፣ አይቀየሙም።

ማሽኑን ቆሞ ካየኸው አላየኸውም። አስነሣው። ክር አስገባና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሹርብ። የወጣውን ጨርቅ ወደ መስኮት ወስደህ ብርሃን ላይ ወጥረው። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ መስመር ካየህ መርፌ ተጎድቷል ወይም መርፌዎቹ የሚቀመጡበት አልጋ ተበልቷል። መርፌ ይቀየራል። አልጋው የተበላ ማሽን ግን ደብረ ብርሃን ላይ ማን ይጠግንልሃል? ዘይቱን በጣትህ ንካ። ጠቁሮ የብረት ብናኝ ከያዘ አንተው ታውቀዋለህ። መለያ ቁጥሩንና የተሠራበትን ዓመት ከብረት ሰሌዳው ላይ ፎቶ አንሣ፤ ውሉ ላይ ያው ቁጥር ይጻፍ። ፎቶ ላይ አንድ ማሽን አሳይተው ሌላ የሚጭኑ አሉ። ፓኔሉ በኮምፒውተር የሚሠራ ከሆነ የይለፍ ቃሉንና የፕሮግራሙን ቅጂ ሳትቀበል አትውጣ። የእንጨት ሣጥኑ በሙቀት መታከሙን የሚያሳየው የስንዴ ዛላ ምልክት ያለው ማኅተም ይኑርበት፤ አለዚያ ወደብ ላይ ጣጣ አለው። ኤሌክትሪካቸው እንደኛው 50 ኸርዝ ስለሆነ በሞተር አትቸገርም።

ስሊቨን ላይ ዋጋ ጠርተህ ሰውየው ራሱን ግራና ቀኝ ቢወዘውዝ ተስፋ አትቁረጥ። ቡልጋሪያዎች ሲስማሙ እንዲያ ያደርጋሉ። በአፉ አስነግረው፣ ከዚያም አስጽፈው።

ብርድ አልሰብክህም፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነህ። የእኛ ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። የእነሱ ክረምት ቀኑን ሙሉ አይለቅም፣ አስፋልቱም በረዶ ይጋገርበታል። ገንዘብህን ከካፖርት ይልቅ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ላይ አውጣው።

ጥያቄ፦ እህቴ ሳራዬቮ ለስብሰባ ተጋብዛለች። እዚያ ትልቅ ጦርነት ነበር ሲባል ሰምተን ቤተሰቡ ፈርቷል። ትሂድ?
(ከአጣዬ)

መልስ፦ ትሂድ። የቦስኒያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1995 በዴይተን ስምምነት ቆሟል። ሳራዬቮ ከኤፕሪል 1992 እስከ ፌብሩዋሪ 1996 ተከባ ነበር። ዛሬ በምሽት በእግር የሚኬድባት ከተማ ናት። ጠባሳው ግን አለ። ጥይት የበሳሳው ግድግዳ ታያለች። አንዳንድ ቦታ መንገዱ ላይ ቀይ የተሞላበት ስንጥቅ አለ፤ ሞርታር ወድቆ ሰው የሞተበት ነው። እዚያ ላይ ቆማ ፎቶ ባትነሣ ደስ ይለኛል። እናንተ አጣዬ ስትቃጠል ያያችሁ ናችሁና ለምን እንደምል ይገባችኋል።

አንድ ነገር ንገሯት። ሰው ስለ ጦርነቱ ራሱ ካነሣ ትስማ፤ "አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?" ብላ ግን አትጠይቅ። ከከተማ ወጥታ ተራራ ላይ የምትሄድ ከሆነ ከተለመደው መንገድ አትውጣ። ያልተለቀመ ፈንጂ እስከ ዛሬ አለ፣ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውም የቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቷ በሁዳዴ መጀመሪያ ለሥልጠና ቤልግሬድ ሊልካት ነው፣ ከዚያ ሶፊያ ታልፋለች። ጾሟን ትፈታለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ትበላለች?
(ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እናቴ፣ ይተኙ። ሰርቦች ኦርቶዶክስ ናቸው። ገናን እንደኛ በጃንዋሪ 7 ያከብራሉ፣ ፋሲካችንም በአንድ ቀን ይውላል። ረቡዕና ዓርብም ይጾማል። ዳቦ ቤት ገብታ "ፖስኖ" ካለች የጾም ማለት ነውና ለይተው ይሰጧታል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃው ላይ ተጽፎ ታገኘዋለች።

ሁለት ነገር ግን ትወቅ። የእኛ ጾም 55 ቀን ነው፣ የእነሱ ከእኛ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ይገባል። እኛ በዘወረደ ሳምንት ስንጾም እነሱ ገና አይብና ወተት ላይ ናቸው፤ በዚያ ሳምንት እያንዳንዱን ምግብ ጠይቃ ትብላ። ሌላው፣ ዓሣ በሚፈቀድበት ቀን ፖስኖ የተባለው ምግብ ዓሣ ሊኖረው ይችላል። "ያለ ዓሣ" ትበል።

በሸክላ የሚጋገር ቦሎቄ አላቸው፣ ፕሬብራናጽ ይሉታል። ሽንኩርትና በርበሬ ስላለው የእኛ ሰው አይጠላውም። አይቫር የሚባል ከተጠበሰ ቀይ ቃሪያ የሚሠራ ማባያ አለ፤ አንድ ጠርሙስ ገዝታ በዳቦ ትብላው። ሶፊያ ላይ የቦሎቄ ሾርባ በየቦታው አለ፣ ሥጋ እንደሌለበት ግን ትጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ብትገባ ሻማው የሚበራው በሁለት ቦታ ነው፤ የላይኛው ለሕያዋን፣ የታችኛው ለሞቱት። መቁረብ አይቻላትም፣ አንድነት የለንምና። ሻማ ግን ማንም አይከለክላትም።

ስንቅም ይያዙላት። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያልፋል። ለፋሲካ ብለው ቋንጣና ቅቤ እንዳይሸጉጡላት፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም፣ ሶፊያ ላይ ይወስዱባታል።