የውኃና የግጦሽ መረጃ በጋራ ለምትይዙ፦ ከሶፍትዌሩ በፊት ይህን አንብቡ

«ሦስት አጎራባች የአርብቶ አደር ቀበሌዎች ነን፤ የውኃና የግጦሽ መረጃችንን አንድ ላይ ልንይዝ ነው፤ የትኛው ሶፍትዌር ይሻለናል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። ቦረና ላይ ይህንኑ ሥራ ዓመታት ሠርቼበታለሁ። ሶፍትዌሩ አያስጨንቅህ፤ በስልክ መረጃ መሰብሰቢያው ኮቦም ኤክሴልም ይበቃሃል።

1. ቀንና ሰዓት። መዝጋቢው በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ስልኩ በፈረንጅ ይመዘግባል። ጠዋት 3 ሰዓት የተነበበ ዝናብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ገብቶብን አንድ ወቅት ሙሉ ስናርም ከረምን።

2. ኮኦርዲኔት (የቦታ መለያ ቁጥር)። የድሮው ቶፖ ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፣ ጂፒኤስህ ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው። ሳትቀይር ከደባለቅካቸው ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል። እኛ አንዱን ኤላ (ባህላዊ የውኃ ጉድጓድ) ሁለት ብለን ቆጥረነው ነበር።

3. ምን እንደማይላክ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሌላውን ብትረሳ ይህን አትርሳ። በ2014ቱ ድርቅ አንድ መሥሪያ ቤት «ለመኖ እርዳታ ነው፣ ዛሬውኑ ላኩ» አለን። ቸኮልኩና ፋይሉን እንዳለ ላክሁት፤ ካሎ የምንለው፣ ለጥጃና ለደከመ ከብት የታጠረው የግጦሽ ቦታ ሁሉ እውስጡ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ካርታው ታትሞ በሌላ ወረዳ አዳራሽ ተለጠፈ። ከሩቅ የመጣ መንጋ የአንዱን ካሎ ሣር በዘጠኝ ቀን ጨረሰው። እነሱንም አልወቅስም፣ ከብታቸው እየሞተ ነበር።

የኤላውን የውኃ ወረፋ የሚመሩት አባ ሄሬጋ አስጠሩኝ። በትራቸውን መዝገቤ ላይ አጋደሙና «ልጄ፣ የውኃውን ወረፋ ለማን እንደምሰጥ አውቃለሁ። አንተ ሣራችንን ለማን እንደሰጠህ ታውቃለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወቅት ሙሉ አንድም ሰው መረጃ አልሰጠንም።

ካርታው እንዲነሳ ልጠይቅ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። እዚያ ያለው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «መረጃው የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ቅጂ ከፈለጋችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ» አለኝ። ልጆቻችን በፀሐይ በእግራቸው ዞረው የሰበሰቡትን! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

4. ስለዚህ ፋይላችሁ ሁለት ይሁን። የእኛ አሁን እንዲህ ነው፦ ወደ ውጭ የሚሄደው የትኛው ጉድጓድ እንደሚሠራ፣ የውኃው መጠንና ዝናቡ ብቻ ነው። ካሎውና የፎራ ከብት (ከመንደር ርቆ የሚሰማራው) የሚሄድበት መንገድ ከሽማግሌዎቹ እጅ አይወጣም። ከየቀበሌው አንድ ሽማግሌ ካልፈረመ ምንም አይላክም፤ ሦስቱም ቀበሌዎች ሙሉ ቅጂ አላቸው። ስምምነቱን በኦሮምኛ ጮክ ብለን አንብበን ነው ያጸደቅነው። የመድኃኒት ዕፅዋት እውቀት ከመዘገባችሁ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ያዙ፤ ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ ማንም ሊወስደው እንደማይችል ይደነግጋል።

አምና የአንድ ጉድጓድ ፓምፕ ሲበላሽ ጥገና ቶሎ የመጣልን የየሳምንቱን መዝገብ ስላሳየን ነው። መዝገቡን ያመጡት እኚያው አባ ሄሬጋ ነበሩ።

የስምምነታችንን ወረቀት ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እልክልሃለሁ። የማይላከውን ዝርዝር ግን ከእኔ አትገልብጥ፤ ከሽማግሌዎቻችሁ ጋር ተቀምጠህ ጻፈው።