መልስ፦ ዲመር ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉ ኤልኢዲ አምፖሎች

ሰላም ወንድሜ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤትዎ ሳሎን የገቡት አራት ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች በዲመሩ (ብርሃን መቀነሻና መጨመሪያ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ) ብርሃናቸውን ሲቀንሱ ብልጭ ድርግም እንደሚሉ፣ ሲያጠፏቸውም በስሱ እንደሚበሩ ጽፈዋል። አምፖሎቹን ለመጣል አይቸኩሉ።

መጀመሪያ ካርቶናቸውን ያንብቡ። ከዲመር ጋር እንደሚሠሩ የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ የሚስማማውን መግዛት ነው። ጽሑፉ ካለ ግን እኔ የምጠረጥረው ዲመሩን ነው። የድሮ ዲመሮች የተሠሩት ለባለ ክር አምፖል (ውስጡ ያለው ክር ግሎ ለሚያበራው የድሮ ዓይነት) ስለሆነ ብዙዎቹ በትክክል ለመሥራት ቢያንስ 40 ወይም 60 ዋት ያህል ጭነት፣ ማለትም የአምፖሎች ድምር ዋት፣ ይፈልጋሉ። የእርስዎ አራቱ ተደምረው 28 ዋት ብቻ ናቸው! ማረጋገጥ ከፈለጉ አንዱን አውጥተው በቦታው ባለ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል ለጥቂት ደቂቃ ያስገቡ። ሦስቱ ወዲያው ከተረጋጉ ጥፋቱ የዲመሩ ነው፤ ለኤልኢዲ በተሠራ ያስቀይሩት። ስሱ ብርሃንም ዲመሩ ቢጠፋም ሾልኮ ከሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚመጣ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ መጨረሻው ዝቅታ ላይ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ብዙዎቹ የኤልኢዲ ዲመሮች ከሽፋናቸው ሥር ዝቅተኛውን ብርሃን የሚወስን ትንሽ ማስተካከያ አላቸው፤ እሱን ከፍ ማድረግ ይበቃል።

በድሬዳዋ ሙቀት አምፖሎቹን አየር በማያስገባ ሽፋን ውስጥ ባያፍኗቸው እመርጣለሁ፤ ሙቀት ዕድሜያቸውን ክፉኛ ያሳጥራል።

ዲመር በሌላቸው ክፍሎችም መብራቱ አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የላላ የሽቦ መገናኛ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና ሳይውሉ ሳያድሩ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ።