ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት ጨረታ፦ የጠየቃችሁኝና መልሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ስለመግዛትና ስለመሸጥ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ጠየቃችሁ፣ ደስ ብሎኛል። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። ለዓመታት ያገለገሉ ካሜራዎችና ሌንሶች፣ አንዳንዴም ስልክና ላፕቶፕ ስገዛና ስሸጥ ቆይቻለሁ። ስለዚህ መልሴ በብዛት ሰው ዕቃውን በጨረታም በቁርጥ ዋጋም ስለሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ስለ ኢቤይ ነው፤ ከአዲስ አበባ የጠየቃችሁም ስላላችሁ እሱንም ጨምሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ጨረታው ላይ 120 ዶላር ብዬ ብጽፍ ወዲያው 120 ነው የሚሆንብኝ?

አይሆንብህም። የምትጽፈው ቁጥር ጣሪያህ ነው፣ ሌላ ሰው አያየውም። ሲስተሙ በአንተ ፈንታ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ይጫረትልሃል። ዋጋው 60 ዶላር ላይ እያለ አንተ 120 ብታስገባና የሌላው ሰው ጣሪያ 90 ቢሆን ዕቃውን የምትወስደው በ91 ነው፤ እዚያ ዋጋ አካባቢ ጭማሪው አንድ አንድ ዶላር ነዋ። ዋናው ሥራ ያለው ከመጫረትህ በፊት ነው። ኢቤይ ላይ ፍለጋህን አጣርተህ የተሸጡትን ዕቃዎች ብቻ ማየት ትችላለህ። ሻጮች የሚመኙትን ዋጋ ተወው፣ ሰው ከኪሱ አውጥቶ የከፈለውን እይ። ከዚያ መላኪያውንና ታክሱን ደምረህ ጣሪያህን ቁረጥና አስገባ፤ ካስገባህ በኋላ ደግሞ አትነካካው።

ጥያቄ፦ በመጨረሻዋ ሰከንድ አንድ ሰው መጥቶ ነጠቀኝ። ይሄ ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል። ስናይፒንግ ይሉታል። የኢቤይ ጨረታ ሰዓቱ ሲሞላ ያበቃል፣ መጨረሻ ላይ ዋጋ ስለተጨመረ ተብሎ አይራዘምም። የነጠቀህ ሰው ጣሪያው ከአንተ ስለበለጠ ነው ያሸነፈህ። እልህ ውስጥ ገብተህ በሚቀጥለው ጨረታ ላይ ካሰብከው በላይ እንዳትከፍል ብቻ ተጠንቀቅ። ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ሌላ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሻጩ በመልእክት "ጨረታውን ተወው፣ በዜል ላክልኝና 40 ዶላር ልቀንስልህ" አለኝ (ዜል የአሜሪካ ባንኮች የገንዘብ መላኪያ ነው)። ምን ትመክረኛለህ?

እንዳታደርገው፣ እባክህ! ከሁሉም ጥያቄዎች ሰፋ አድርጌ ልመልስ የምፈልገው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ገንዘባቸውን ውሃ በላው ብለው የሚጽፉልኝ ሰዎች ብዙዎቹ የተበሉት በዚሁ በር ነው። ኢቤይ ላይ ገዝተህ እዚያው ስትከፍል ዕቃው ካልመጣ ወይም ከተባለው የተለየ ከሆነ ገንዘብህን የሚመልስልህ ዋስትና አለ። ያ ዋስትና የሚሠራው ግን ግዢውም ክፍያውም በኢቤይ በኩል ካለፈ ብቻ ነው። ዜል እጅ ለእጅ ብር እንደመስጠት ነው፣ የገዢ ዋስትና የለውም። የኢንተርኔት መክፈያው ፔይፓልም ቢሆን "ለቤተሰብና ለጓደኛ" በሚለው ከላክህ አይሸፍንህም፤ አንዳንዱ ሻጭ ኮሚሽን እንዳይቆረጥበት ብሎ እሱን ሲጠይቅህ የአንተን መብት እየሸጥክለት ነው። በስጦታ ካርድ ክፈል የሚልህን ደግሞ መልስ እንኳ አትስጠው። ቁጥሩን ከነገርከው አለቀ።

40 ዶላሩ ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን ሻጩ ቅናሽ መስጠት ከፈለገ እዚያው ኢቤይ ላይ ዋጋውን ማውረድ ይችላል። እንደዚያ አድርግልኝ በለው። እምቢ ካለ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። ወሬውም እዚያው ይሁን፣ ወደ ዋትስአፕ እንሂድ ሲልህ አትሂድ፤ ነገ ክርክር ቢነሳ ኢቤይ የሚያየው በራሱ መስመር የተጻፈውን ነው።

ጥያቄ፦ ገዢዎች ለሻጩ የሰጡት ጥሩ አስተያየት 99 ከመቶ ነው። ይበቃል?

አይበቃም። ከመቶኛው ይልቅ ምን ሲሸጥ እንደቆየ እዪ። ዓመቱን ሙሉ የሁለት ዶላር የስልክ ሽፋን ሲሸጥ የኖረ ሰው ድንገት አሥር ውድ ላፕቶፕ ካወጣ አካውንቱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። መጥፎዎቹን አስተያየቶች ደግሞ አንድ በአንድ አንብቢ፣ ሻጩ የመለሰውንም ጭምር። "ዘገየ" የሚል ቅሬታ ችግር የለውም። "ሌላ ዕቃ ላከ" የሚል ሁለት ሦስቴ ካየሽ እለፊው።

ለሻጮች አንድ ነገር ልጨምር። ከ2008 ጀምሮ ኢቤይ ላይ ሻጭ ለገዢ መጥፎ አስተያየት መስጠት አይችልም። ስለዚህ የገዢው አስተያየት ሁሉ ጥሩ ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

ጥያቄ፦ ካሜራና ሌንስ ስገዛ ፎቶው ላይ ምን ልይ?

ይሄ የእኔ ቤት ነው። መጀመሪያ ፎቶው የራሱ የዕቃው መሆኑን እይ። ከፋብሪካው ድረ ገጽ የተወሰደ ንጹሕ ምስል ብቻ ካለ ሴሪያል ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶ ጠይቅ። ሌንስ ከሆነ ከኋላ መብራት እየበራበት የተነሳ ፎቶ ይላክልህ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም፣ ሁሉም አሮጌ ሌንስ አለው። ከጠርዙ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን ክር የዘረጋ ነገር ካየህ ግን ሻጋታ ነው፣ ተወው። መስታወቱ ጉም የለበሰ ከመሰለም እንዲሁ። እሱን ማስጠረግ ከሌንሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ጽሑፉን ደግሞ እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ። "አልሞከርኩትም፣ ባትሪ የለኝም" የሚል ካሜራ ነጋዴ አይጥመኝም፤ ካሜራ እየሸጠ የሚኖር ሰው ባትሪ አያጣም። "ለመለዋወጫ" ተብሎ የቀረበ ዕቃ ስለማይሠራ ብቻ ገንዘብህን ማስመለስ አትችልም፣ አስቀድሞ ነግሮሃላ። ባዶ ካርቶን የሚሸጡም አሉ! ርዕሱ ላይ የስልኩ ስም በትልቁ ይጻፋል፣ ታች በአንዲት መስመር "ካርቶኑ ብቻ" ይላል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ አይፎን ስገዛስ?

አይኤምኢአይ የሚባለውን የስልኩን መለያ ቁጥር ጠይቅ፣ 15 አሃዝ ነው፣ ስልኩ ላይ *#06# ሲደወል ይወጣል። በእሱ የተሰረቀ ወይም የታገደ መሆኑን አጣራ። ቀጥሎ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ከስልኩ መውጣቱን በፎቶ ያሳይህ፤ ካልወጣ የእሱ የይለፍ ቃል ከሌለህ አትጠቀምበትም። ወደ አገር ቤት የምትልከው ከሆነ ደግሞ ለአንድ የአሜሪካ የስልክ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ መሆን የለበትም። አይፎን ላይ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ የሲም ገደብ እንደሌለበት ይጻፋል፣ የዚያን ገጽ ፎቶ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ወንድሜ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ገዝቶ በሰው ይላክልኝ?

ይላክልሽ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ግን ወንድምሽ ዕቃው እንደደረሰው ካርቶኑን ከፍቶ፣ አብርቶ፣ ሞክሮ ይስጥ። ዝም ብሎ እንደታሸገ ለመንገደኛ እንዳያስረክብ። ሁለት ምክንያት አለኝ። የኢቤይ ዋስትና ዕቃው መጀመሪያ ከደረሰበት አድራሻ ወደ ሌላ ቦታ ከተላከ አይሠራም። ደግሞም ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ 30 ቀን ነው፣ መንገደኛ እስኪገኝ ሻንጣ ጥግ ከተቀመጠ ያልፋል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። "100-240" የሚል የላፕቶፕ ቻርጀር ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ የሚል የቡና መፍጫ ግን አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ካደጉ በኋላ ብዙ ዕቃ ተርፎኛል። ልሸጥ ብል ይበሉኛል ብዬ ፈራሁ።

አይፍሩ እናቴ፣ ጥቂት ነገር ከጠበቁ ይሸጡታል። "ተከፍሏል" የሚል ኢሜይል ሲመጣ አይመኑት፣ ራስዎ አካውንትዎ ውስጥ ገብተው ይዩ። ዕቃውን የሚልኩት ትዕዛዙ ላይ ወዳለው አድራሻ ብቻ ነው፤ ገዢው "አድራሻ ቀይሬያለሁ" ካለ ትዕዛዙ ተሰርዞ እንደገና ይግዛ። ከዋጋው በላይ የሆነ ቼክ ልኮ "ትርፉን መልሱልኝ" የሚል ካለ ቼኩ ውሸት ነው። ባንኩ መጀመሪያ ቢቀበለውም ከቀናት በኋላ ሲመለስ ዕዳው እርስዎ ላይ ይወድቃል።

ውድ ዕቃ ሲሆን ሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ ያንሱ፣ ሲያሽጉትም በስልክዎ ይቅረጹ። የእርስዎን ደህና ዕቃ አስቀርቶ የራሱን የተበላሸ የሚመልስ ገዢ አለና በእሱ ነው የሚከራከሩት። 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ተቀባዩ እንዲፈርም አድርገው ይላኩ።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ ሶፋ ልሸጥ ስል ገዢው "እውነተኛ ሰው መሆንሽን ለማረጋገጥ ስድስት አሃዝ ልኬያለሁ፣ ንገሪኝ" አለኝ።

እንዳትነግሪው! በአንቺ ስልክ ቁጥር አካውንት ሊከፍት ወይም ያንቺን ሊሰርቅ ነው። ሶፋ የሚፈልግ ሰው የሶፋውን ስፋት ነው የሚጠይቀው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ በቴሌግራም ስንገዛና ስንሸጥስ?

እዚያ እንደ ኢቤይ መሃል ላይ ሆኖ ገንዘብ የሚመልስ የለም፣ ስለዚህ ዕቃውን በዓይንህ ሳታይ ቀብድ አትላክ። "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቶሎ 2000 ብር ያዝ" ካለህ ይውሰደው። ሰው በሚበዛበት ካፌ በቀን ተገናኙ፣ ስልክ ከሆነ የራስህን ሲም አስገብተህ ደውልበት። ደረሰኝ ወይም የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ተቀበል፤ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ሻጭ ስትሆን ደግሞ የገዢውን ስክሪንሾት አትመን፣ በስልክህ የመጣውን ሜሴጅም እንዲሁ፣ ሁለቱም በፎርጅድ ይሠራሉ። ቴሌብር ከሆነ በራስህ አፕ ወይም *127# ብለህ ሂሳብህ መጨመሩን ካየህ በኋላ ዕቃውን ስጥ።

ጥያቄ፦ ዕቃው መጣ፣ ግን የተሰበረ ነው። ሻጩ "ትንሽ ታገሠኝ፣ በሚቀጥለው ወር እመልስልሃለሁ" ይለኛል።

አትጠብቀው። 30 ቀኑ እስኪያልፍብህ ነው። ዛሬውኑ ካርቶኑንም ስብራቱንም ፎቶ አንሳና ኢቤይ ላይ "ከተገለጸው የተለየ ነው" ብለህ ጥያቄ ክፈት። እንዲህ ስትል የመመለሻው ወጪ የሻጩ ነው። ለመልስ ሦስት የሥራ ቀን አለው፣ ካልፈታው ኢቤይ ራሱ እንዲገባበት ትጠይቃለህ። ስትመልስ ሲስተሙ በሰጠህ አድራሻ ብቻ ላክ፣ የዕቃውን ጉዞ የምትከታተልበትን ትራኪንግ ቁጥርም ገንዘቡ እስኪገባልህ አትጣለው።